ለቤተሰብ የዒላማ ተኩስ ጠመንጃ ሲመረጥ፦ ባለ መቀርቀሪያው 22

ለቤተሰብ የዒላማ ጠመንጃ የሚገዛ አባወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በራሱ ትከሻ ነው። ከዚያ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ሰደፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ወገቧን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ አንገቷን አስግጋ ታነጣጥራለች። ጥይቱ ወረቀቱን ሲስት «ገና ነሽ» ይሏታል። ገና የሆነችው ግን እሷ አይደለችም፤ ጠመንጃው ነው ያልሆናት። ረጅም ሰው በአጭር ሰደፍ ቅር እያለውም ቢሆን ይተኩሳል። አጭር ሰው በረጅም ሰደፍ በትክክል መተኮስ አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ከቤቱ አጭር ተኳሽ ይጀምር። የምንመክረውም 22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ፣ በእጅ በሚሳብ መቀርቀሪያ የሚሠራ ጠመንጃ ነው።

ከዚያም በፊት ፈቃዱ አለ። በአገራችን ጉዳዩ የሚዳኘው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መግዛትም ወንጀል ነው። «22 እኮ ናት፣ ትንሽ ናት» የሚለው ጨዋታ ፖሊስ ጣቢያ አይሠራም። ብር ከመክፈላችሁ፣ ቀብድም ከመስጠታችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪው ዘንድ ቀርባችሁ ሦስት ነገር አጣሩ፦ ይህ ዓይነት ጠመንጃ ለእናንተ ይፈቀዳል ወይ? ከባለፈቃዱ ሌላ የቤተሰብ አባል እሱ ባለበት መተኮስ ይችላል ወይ? የሚተኮሰው በየትኛው ሜዳ ነው? ከሦስቱ አንዱ «አይቻልም» ከተባለ ግዢው ይቅር። የሜዳው ንብረት በሆነ ጠመንጃ ለምትተኩሱም ቢሆን ከታች ያለው ሁሉ ይጠቅማችኋል፤ ከመደርደሪያው ላይ የሚሆናችሁን ታነሳላችሁ።

ስለ ሜዳ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ ዙሪያ ያለው ገላጣ ሜዳ ባዶ ይመስላል። ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከጉብታው ጀርባ እረኛ አለ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጭራሮ የሚለቅሙ እናቶች አሉ። የ22 ጥይት አምራቾች ካርቶኑ ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ አደገኛ መሆኑን ያትማሉ። የባሕር ዛፍ ረድፍ ጥይት አያስቆምም። በጋ ላይ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ኮትቻ አፈርም አረሩን አንሸራቶ ወዴት እንደሚወረውረው አይታወቅም፤ ኩሬና ጠጠርም እንደዚያው ናቸው። የለሰለሰ አፈር በቁመቱ የተከመረበት፣ ከኋላው ሰው የማያልፍበት፣ የተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ከሌለ ጠመንጃው አይወጣም።

ለምን 22? ካሊበር 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው ጥይት ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ አረሩ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድና 2.6 ግራም ገደማ ክብደት አለው። ትከሻ አይገፋም፣ ድምፁም ከትላልቆቹ ጋር አይወዳደርም። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰውም ይኸው ነው። ከአያት የተወረሰ ምንሽር ያለው ቤተሰብ «በዚሁ እንለማመድ» ሊል ይችላል። አይሆንም። ምንሽር ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን ዓይን መጨፈንን ያስተምረዋል፤ ምላጩን ሲስብ የሚመጣውን ምት ፈርቶ ትከሻውን ያሸሻል። ይህን ልማድ ማስለቀቅ ከማስተማሩ በብዙ ይከብዳል።

ሲገዛ የጥይቱ ስም በቱቦው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። 22 ማግነም የሚባለው ቀለሁ ወፈር ያለ ስለሆነ ሎንግ ራይፍል መጉረሻ (ጥይቱ የሚቀመጥበት የቱቦው ኋላ) ውስጥ አይገባም። ሎንግ ራይፍል ግን ማግነም መጉረሻ ውስጥ ልል ሆኖ ይገባል፤ ሲተኮስ ቀለሁ ይሰነጠቅና ጋዙ ወደ ኋላ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። ሾርት የሚባለው አጭሩ ጥይት በሎንግ ራይፍል ጠመንጃ ይተኮሳል። ብዙ ከተተኮሰበት ግን መጉረሻው ፊት ላይ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ በኋላ ረጅሙ ቀለህ እየተጣበቀ ያስቸግራል።

በእጅ ከሚሠሩት ውስጥ ደግሞ ለቤተሰብ የምንመክረው ባለ መቀርቀሪያውን ነው። መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሲሳብ መጉረሻው ለሁሉም ሰው ይታያል፤ ባዶ መሆኑን ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ አባትም ያየዋል። መቀርቀሪያው ተነቅሎ ስለሚወጣ ጠመንጃውን አንድ ቦታ፣ እሱን ሌላ ቦታ መቆለፍ ይቻላል። ቱቦው ከኋላ በኩል ይጸዳል። ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ እጅ ከምላጩ መነሣቱ ደግሞ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ መተንፈሻ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጥድፊያው ይቀራል።

ባለ ማንሻው፣ እንደ ሄንሪ ያለው፣ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን ጥይቱ በቱቦው ሥር ባለ ረጅም ካዝና ውስጥ ይደረደራል፤ አንድ ቀርቶ እንደሆነ በዓይን አይታይም። መዶሻው (መምቻ መርፌውን የሚመታው ብረት) ውጭ ያለ ከሆነም ሳይተኮስ ለመመለስ ምላጩን እየሳቡ በአውራ ጣት ማውረድ ያስፈልጋል። በሐምሌ ብርድ የደነዘዘ የልጅ ጣት ላይ ይህን መጣል አይገባም። በዚያ ላይ ተኝተው ሲተኩሱ ማንሻው መሬት ይነካል። የሚያስነሣው ቅሬታ ይህ ነው፤ አዋቂ ብቻ የሚተኩስበት ቤት ከሆነ ችግር የለውም።

ካዝና የሌለው፣ አንድ በአንድ የሚጎርሰው ለመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ይሻላል። እንደ ክሪኬት ባሉት ትናንሽ ጠመንጃዎች ላይ ግን ከመቀርቀሪያው ጀርባ ያለችውን ጉጥ በጣት ጎትቶ መወጠር (ለመተኮስ ማዘጋጀት) ግድ ነው፤ ጉጧ ለስምንት ዓመት ልጅ ጣት ጠንካራ ናት። ሳትገዙ ልጁ ራሱ ጎትቶ ይሞክራት። ባለ ካዝና የሆኑት ሲዜድ 457፣ ሳቬጅ ማርክ 2፣ ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር፣ ቲካ ቲ1ኤክስ ሁሉም የሚታመኑ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በልኩ ካለው ልዩነት ያነሰ ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ፤ ዋናው እዚህ ነው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት በአዋቂ ጠመንጃ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለልጆች የተሠሩት ከ29 እስከ 32 ይሆናሉ። በሜትር ብቻ አትመኑ። ባዶነቱን ሁለት ሰው አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ታሳርፍ፣ ጉንጯን እንጨቱ ላይ ታስቀምጥ፣ ከዚያ ዓይኗን ትግለጥ። በአፍንጫዋና ምላጭ በያዘው እጇ አውራ ጣት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ካለ ልክ ነው። አንገቷን ወደ ፊት ካሰገገች ረዝሟል። አውራ ጣቷ አፍንጫዋን ከነካ አጥሯል። ዓይኗን ስትገልጥ ማነጣጠሪያው ፊቷ ላይ መሆን አለበት፤ ጭንቅላቷን አንሥታ የምትፈልገው ከሆነ የጉንጭ ማረፊያው ዝቅ ብሏል።

ክብደቱን ለማወቅ ልጅቷ ቆማ ታነጣጥር፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። የአፈሙዙ ጫፍ መወዛወዝ ሲጀምርና ወገቧ ወደ ኋላ ሲለጠጥ በስንተኛው ቁጥር እንደሆነ ያዙ። አሥር ሳይሞላ ከሆነ ከብዷታል። ለልጅ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ይበቃል። አዋቂ ሲተኩስ ከ3 ኪሎ በላይ የሆነው ረጋ ይልለታል፤ ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው ክብደት ወዳጅ ነው። አንዱን ጠመንጃ ለሁሉም ማድረግ ከፈለጋችሁ አጭር ሰደፍ ያለውን ገዝታችሁ ለረጅሞቹ ቅጥያ አሠሩ። በሠፈራችሁ ያለ አናጢ ከደረቀ ዋንዛ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሦስት ቁርጥራጮች በሰደፉ ቅርጽ ሊያወጣላችሁ ይችላል፤ ረዘም ባለ ብሎን ከሰደፉ ላስቲክ ሥር ይታሰራሉ። አናጢው ዘንድ የሚሄደው የሰደፉ ላስቲክና በካርቶን የተነሣው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ከቤት አይወጣም። የሰደፉን እንጨት ማሳጠር ካስፈለገም የተቆረጠውን አትጣሉት፤ ልጁ ሲያድግ ተመልሶ ይጣበቃል። ቱቦው ላይ ግን መጋዝ አይደርስም።

ቀኝና ግራውንም እዩ። ሁለት እጅ ዘርግታችሁ በጣቶቻችሁ ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ በሁለት ዓይን ሩቅ ያለ ነገር ተመልከቱ፤ ከዚያ አንድ አንድ ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ቀዳዳው ውስጥ የሚቀርለት ዓይን ጠንካራው ነው። ቀኝ እጇ ሆኖ ግራ ዓይኗ የጠነከረ ልጅ ከመጀመሪያው በግራ ትከሻ ብትለምድ ይቀላታል።

ምላጩ ስንት ኪሎ እንደሚስብ ለመለካት ሚዛን መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ሃይላንድ ይበቃል። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ አጉርሱ (ለምን እንደሆነ ከታች አለ)፣ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጋችሁ በቁመቱ ያዙ፣ ባለ 1.5 ሊትሩን ባዶ ፕላስቲክ በሲባጎ ምላጩ መሐል ላይ አንጠልጥሉ። ሌላ ሰው በቀጭኑ ውኃ ይጨምር። ምላጩ ሲለቅ አቁሙ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ለቤተሰብ ጥሩ ነው። ሃይላንዱ ሞልቶ እንኳ ካልለቀቀ ከብዷል፤ ልጁ ሲስብ ጠመንጃውን አብሮ ይጎትታል፣ ቀኝ እጁ ከሆነም ምቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከግማሽ ሊትር በታች ከለቀቀ ደግሞ ለጀማሪ አይሰጥም፤ ጣት ሳይዘጋጅ ይተኮሳል። ምላጩን የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው። በሞረድ የነካካው ሰው ካለ ያንን ጠመንጃ ተዉት።

ባዶ ቀለሁ ያስፈለገው በ22 ላይ መምቻ መርፌው የሚመታው የቀለሁን ጠርዝ ስለሆነ ነው። መጉረሻው ባዶ ሆኖ ምላጭ ቢሳብ በብዙዎቹ ላይ መርፌው የመጉረሻውን ብረት ከንፈር ይመታል። ሲደጋገም ከንፈሩ ይሰረጉዳል፤ ቀለህ ሲወጣ ይይዛል፣ አንዳንዴም ጥይት አልጎርስም ይላል። ያለ ጥይት ለመለማመድ የተተኮሰ ቀለህ አጉርሳችሁ ከየምቱ በኋላ ቀለሁን ትንሽ አዙሩት።

ማነጣጠሪያን በተመለከተ ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ቶሎ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከኋላ ቀዳዳ ከፊት ቀለበት ያለው ማነጣጠሪያ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ ቴሌስኮፕ የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ስለሚያሳይ ልጅ ምላጩን «አሁን!» ብሎ መንጨቅ ይጀምራል። ዓይናቸው የደከመ አያት ካሉ ግን ቴሌስኮፕ ግድ ይሆናል። ያኔ ለ22 የተሠራውን ምረጡ። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ ተስተካክሎ ነው የሚወጣው፤ በ25 ሜትር ላይ ዓይን ትንሽ ሲንቀሳቀስ በቴሌስኮፑ ውስጥ የሚታየው መስቀልም ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ለ22 የሚሆነው ለ50 ያርድ የተስተካከለው ነው። መያዣው ቀለበትም ከጠመንጃው አናት ላይ ካለው የመግጠሚያ ሐዲድ ስፋት ጋር መግጠም አለበት፤ በብዙዎቹ 22 ላይ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ባትሪ መብራትና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ በመጉረሻው በኩል ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ጠመዝማዛው ፈለግ ከዳር እስከ ዳር ስል ሆኖ መታየት አለበት። መሐሉ ላይ ጥቁር ቀለበት ከታየ ቱቦው አብጧል ማለት ነው፦ አንድ ጊዜ ደካማ ጥይት ውስጡ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበታል። ይህ አይጠገንም። የአፈሙዙን ጫፍ በጣት ዳብሱ፤ ጥርስ ወይም የተላጠ ጠርዝ ካለ አረሩ ሲወጣ ይገፈተራል። መጉረሻው ከንፈር ላይ ያልነው ስርጉድ ካለም ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ ጥልቅ ከሆነ ተዉት። የመቀርቀሪያውን ጥፍሮች (ቀለህ ይዘው የሚያወጡትን) ለመፈተሽ ባዶ ቀለህ አስገብታችሁ አሥር ጊዜ አውጡ፤ አንዴም ከያዘ ጥፍሩ ተበልቷል ወይም ቆሽሿል።

ማገጃ ቁልፉን እንዲህ ፈትሹ፦ ባዶ ቀለህ አጉርሳችሁ ወጥሩ፣ ማገጃውን ዝጉ፣ ምላጩን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁ፣ ከዚያ ምላጩን ሳትነኩ ማገጃውን ክፈቱ። ማገጃው ሲከፈት ጠመንጃው ከተኮሰ አትግዙ። እንደገና ወጥራችሁ መቀርቀሪያውን በኃይል ዝጉ፤ ሰደፉንም ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጉ። በነዚህም ከለቀቀ መልሱለት። ሻጩ «እሱ እንዲያው ነው፣ እኔ ለምጄዋለሁ» ይላችሁ ይሆናል። ልጆቻችሁ ግን አልለመዱትም።

ወረቀት በቱቦውና በእንጨቱ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ጎትቱ። የሚይዝበት ቦታ ካለ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ አንዳንዶቹ ሲሠሩም ፊት ላይ እንዲደገፉ ሆነው ነው። በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ቱቦውን ይገፋና በግንቦት ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ነሐሴ ላይ ወደ ጎን ይስታል።

ጥይት ስትመርጡ ፍጥነቱን አትከተሉ። በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ የሚጓዘው መደበኛው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው፤ በእኛ የጠዋት ቅዝቃዜ፣ በ10 ዲግሪ፣ ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ይጓዛል። 380 የሚደርሰው ፈጣኑ ግን መንገድ ላይ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይናወጣል፤ በ100 ሜትር ላይ መበታተኑ ይታያል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም። በ50 ሜትር ይህ ለቤተሰብ ልምምድ ከቁጥር አይገባም።

ሁለት ሦስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ካርቶን ገዝታችሁ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አሳርፋችሁ፣ በ50 ሜትር አምስት አምስት ጥይት በአምስት ወረቀት ላይ ተኩሱ። ምቶቹ በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከተሰበሰቡ ለቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ዓይነት ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር አትቁጠሯቸው፤ ቱቦው አዲሱን ቅባት እስኪለምድ ይበታተናሉ። አንዱ 22 የሚወደውን ጥይት ሌላው፣ ያውም ከአንድ ፋብሪካ የወጣው፣ ሊጠላው ይችላል። በ50 ሜትሩ የውድድር ወረቀት ላይ የአሥር ቁጥሯ ክብ ወርዷ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ስለዚህ ልጆችን በ15 ወይም በ20 ሜትር ጀምሩ፤ ሰሃን በሚያህል ጥቁር ክብ።

ሜዳ ላይ ከሚገጥሙት ሁለቱ ያስፈራሉ። አንደኛው፣ ምላጭ ተስቦ ምንም ካልተሰማ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሡ ሠላሳ ሰከንድ ቆዩ፤ ከዚያ ፊታችሁን ከመቀርቀሪያው ጎን አድርጋችሁ አውጡት። ጥይቱ ለብቻው ይቀመጣል፣ በድጋሚ አይተኮስም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ድምፁ «ጧ» ሳይሆን «ፍስ» ካለ ሌላ ጥይት አታጉርሱ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ ብርሃን እስኪታይ አረጋግጡ። የቀሩት ቀላል ናቸው። ጥይት ግማሽ ገብቶ ከቆመ ብዙ ጊዜ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሳብ ተገፍቷል፣ ወይም የካዝናው ከንፈር ወድቆ ተጣሟል። ትርፍ ካዝና ከጠመንጃው ጋር አብራችሁ ግዙ፤ በኋላ እዚህ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መስመሩ ላይ አንድ አዛዥ ይኑር፣ እሱም አይተኩስ። «ተኩስ አቁም» ሲል መቀርቀሪያው ተከፍቶ ቀይ የፕላስቲክ ቁራጭ መጉረሻው ውስጥ ይሰካ፤ ወረቀት ለመቀየር የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሁሉንም ቀይ ይይ። የጆሮ መከላከያና መነጽር ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለሚጠብቁትም ነው። ቆሎ ይዞ መምጣት የለመደ ቤተሰብ ቆሎውን መኪና ውስጥ ይተወው፦ የእርሳስ ብናኝ ጣት ላይ ይቀራል፣ በእጅ ወደ አፍ ይገባል። ተኩሱ ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጥባችሁ ነው የሚበላው። ነፍሰ ጡር ሴት መስመሩ ላይ ባትቆም ይመረጣል።

ቱቦውን በየቀኑ ማሸት ጉዳቱ ያመዝናል። መጉረሻውንና ጥፍሮቹን በየተኩሱ ቀን ጥረጉ፤ ቱቦውን ጥቂት መቶ ከተተኮሰ በኋላ፣ አንድ ወጥ በሆነ ዘንግ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ከፊት የሚገባ ዘንግ አፈሙዙን ይበላዋል። በክረምት ጠመንጃው በቆዳ ወይም በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አይደር፤ እርጥበቱ ብረቱ ላይ ተኝቶ በሳምንት ያዝገዋል። በቀጭን ዘይት ተጠርጎ በተቆለፈ የብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ መቀርቀሪያው በሌላ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሦስተኛ። ከሐምሌ እስከ መስከረም በየአሥራ አምስት ቀኑ አውጥታችሁ ሰደፉ ላስቲክ ሥር ያለውን ብሎንና የቴሌስኮፑን ቀለበት እዩ፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።